«ንጹሕ የኑግ ዘይት» የሚለው ወረቀት ሠንጠረዡን ያሳይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ምግብ ዘይት በሚወጡ ዜናዎች ውስጥ «ናሙናው በላቦራቶሪ ተመርምሮ ንጹሕ የኑግ ዘይት መሆኑ ተረጋግጧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይታያል። በየትኛው ዘዴ ተመረመረ? ፓልሚቲኩ ስንት፣ ሊኖሌይኩ ስንት ሆነ? ይህ የፋቲ አሲዶች ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ቁጥር የሌለው የላቦራቶሪ ውጤት ከገበያ ወሬ ብዙም አይለይም። ጋዜጣው እንዲህ ያለ ወረቀት ሲደርሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ አንባቢም እንዴት ሊያነበው እንደሚችል ለማሳየት ይህን ጽፈናል።

ዘይት ከኑግም ይውጣ ከፓልም በአመዛኙ ትራይግሊሰራይድ ነው፤ አንድ ግሊሰሮል ሦስት ፋቲ አሲዶችን ይሸከማል። አንዱን ዘይት ከሌላው የሚለየው የፋቲ አሲዶቹ ዓይነትና መጠን ነው። የአገራችን የኑግ ዘይት ከ70 እስከ 75 በመቶ ሊኖሌይክ፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ ፓልሚቲክ፣ ከ6 እስከ 8 በመቶ ስቴሪክ፣ ከ6 እስከ 11 በመቶ ኦሌይክ ይኖረዋል፤ ሊኖሌኒክ ከ1 በመቶ በታች ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግን በኮዴክስ (በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ) መሠረት ፓልሚቲኩ ከ39.3 እስከ 47.5፣ ኦሌይኩ ከ36 እስከ 44፣ ሊኖሌይኩ ከ9 እስከ 12 በመቶ ነው። ሁለቱ እንዲህ የተራራቁ በመሆናቸው ፓልም ኑግ ውስጥ ሲገባ ይታወቃል፤ ጥያቄው ስንት ሲገባ ነው የሚለው ነው፣ ወደዚያ እንመለሳለን።

በየቤቱ ዘይቱን ፍሪጅ ውስጥ አስገብቶ «ረጋ፣ አልረጋም» የማለት ልማድ አለ። ከንቱ ነው አንልም። ፓልም ኦሌይን (ከፓልም ዘይት ተለይቶ የሚወጣው ፈሳሽ ክፍል) 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይደፈርሳል፤ ለዚህ ፍሪጅም ሳያስፈልግ የአዲስ አበባ የኅዳር ንጋት ይበቃል። ነገር ግን ጥቂት ፓልም ብዙ ኑግ ውስጥ ከገባ ላይረጋ ይችላል፤ በሌላ በኩል የለውዝ ዘይት አንዳች ነገር ሳይቀላቀልበት ፍሪጅ ውስጥ ይረጋል። ስለዚህ ረጋ ብሎ ነጋዴን ሌባ ማለትም፣ አልረጋም ብሎ ማመስገንም አይቻልም።

ምርመራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መሣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ፓልም ያለበት ጄሪካን በቀዝቃዛ መጋዘን ሲያድር የረጋው ክፍል ወደ ታች ይወርዳል። ናሙና ወሳጁ ከላይ ቀድቶ ከሄደ ፓልሙን እዚያው ጥሎት ሄደ ማለት ነው። ጄሪካኑ ወይም ናሙናው ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሞቆ፣ ጥርት እስኪል ቀልጦ፣ በደንብ ተገላብጦ ነው መቀዳት ያለበት። ናሙናው ፍሬ ከሆነ ደግሞ ከጆንያው አፍ አንድ ጭብጥ መዝገን አይበቃም፤ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች በናሙና መውሰጃ መርፌ ተወስዶ፣ ተደባልቆ፣ በአራት እየተከፈለ ወደ 50 ግራም ይወርዳል። ከዚያ የሰናፍጭና የጎመንዘር ፍሬ፣ አፈርና ገለባ ይለቀማል፤ የተለቀመው ግን አይጣልም፣ ተመዝኖ ይጻፋል። 5 ግራም ያህል በቡና መፍጫ አጠር አጠር አድርጎ (መፍጫው ሳይግል) ፈጭቶ በ25 ሚሊ ሊትር ሄክሴን (ዘይት የሚያሟሟ ፈሳሽ) ግማሽ ሰዓት መናጥ፣ ማጥለል፣ ሄክሴኑን ከ40 ዲግሪ ሳያልፉ በናይትሮጅን ማትነን ነው። ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ዘይት ይገኛል፤ ለምርመራው የሚያስፈልገው 0.1 ግራም ብቻ ነው። የዘይት መጠን በመቶኛ የሚፈልግ ሰው ሶክስሌት (ዘይቱን በሚፈላ ማሟሟቻ ደጋግሞ አጥቦ የሚያወጣ ዕቃ) ይጠቀም፤ የፋቲ አሲድ ስብጥር ለሚፈልግ ግን ለሰዓታት መቀቀል ጥቅም የለውም፣ ሊኖሌይክ የበዛበትን ዘይት ለኦክስጅን ማጋለጥ ነው ትርፉ።

ትራይግሊሰራይድ እንዳለ በተለመደው የጋዝ ክሮማቶግራፍ (ናሙናን አትንኖ ክፍሎቹን አንድ በአንድ የሚለይ መሣሪያ) አሠራር አይመረመርም፤ ለመትነን ይከብዳል። ፋቲ አሲዶቹ ከግሊሰሮሉ ተላቀው ወደ ሜቲል ኤስተር መለወጥ አለባቸው። ፈጣኑ መንገድ ይኸው፦ 0.1 ግራም ዘይት በ2 ሚሊ ሊትር ሄፕቴን ወይም አይሶኦክቴን ይሟሟል፤ 0.2 ሚሊ ሊትር በሜታኖል የተሟሟ 2 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመራል፤ ክዳኑ ተጠብቆ ለ30 ሰከንድ በኃይል ይናጣል። ሲረጋ ግሊሰሮሉ ታች ይቀራል፣ ኤስተሩ ከላይ ይሆናል። ወዲያው 1 ግራም ያህል ሶዲየም ሃይድሮጅን ሰልፌት ተጨምሮ አልካሊው (ፖታሲየም ሃይድሮክሳይዱ) ካልተገደለ የተሠራው ኤስተር መልሶ ወደ ሳሙና መሄድ ይጀምራል። በዚያው ዕለት በመርፌ ወደ መሣሪያው መግባት አለበት።

ቀላል ይመስላል፤ የሚሳሳትበት ቦታ ግን ሦስት ነው። አንደኛ፣ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጥራጥሬ ራሱ 15 በመቶ ገደማ ውሃ ይይዛል። ለ100 ሚሊ ሊትር የ2 ሞላር ሙሙት በስሌት የሚወጣው 11.2 ግራም ነው፤ በተግባር ግን 13 ግራም ገደማ ነው የሚመዘነው። በክረምት ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ጠርሙስማ ከዚህም በላይ ይጠጣል። ሁለተኛ፣ ሜታኖሉ ውሃ ካለበት ዘይቱ ኤስተር ሳይሆን ሳሙና ይሆናል፤ ቴስት ቲዩቡ ውስጥ እንደ እርጎ የሚወፍር ነገር ከታየ ምክንያቱ እሱ ነው። ሦስተኛውና ለእኛ አገር ዋነኛው፣ ይህ ዘዴ ነፃ ፋቲ አሲድን አይነካም። ነፃ አሲዱ ከ3.3 በመቶ በላይ ለሆነ ዘይት ዘዴው አይመከርም። እርጥበት ባለበት መጋዘን የከረመ ኑግ ተጨምቆ ሳይጣራ የወጣ ዘይት ይህን ወሰን በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ የአሲድ ቁጥሩን ቀድሞ መለካት ግድ ነው፤ የአሲድ ቁጥር 6.5 ማለት በኦሌይክ ሲሰላ 3.3 በመቶ ገደማ ነፃ አሲድ ነው።

አሲዱ ከፍ ሲል በሜታኖል በተሟሟ 0.5 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መቀቀል፣ ከዚያ ቦሮን ትራይፍሎራይድ በሜታኖል ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ ደግሞ መቀቀል ነው። እዚህ ላይ የውጭ መመሪያ እንዳለ መገልበጥ ያሳስታል። መመሪያው የተጻፈው ሜታኖል 65 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት አገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፣ ሜታኖል እዚህ 57 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ምላሹም ያንኑ ያህል ይዘገያል። «10 ደቂቃ» የሚለውን ሰዓት አይቶ ማቆም ሳይሆን የዘይት ጠብታ ከላይ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው። ያረጀ ቦሮን ትራይፍሎራይድ ደግሞ ሐሰተኛ ፒኮችን (መሣሪያው ለየፋቲ አሲዱ የሚሥላቸውን ጫፎች) ይፈጥራል፣ ሊኖሌይክንም ይቀንሳል። ጠርሙሱ ላይ የተከፈተበት ቀን ካልተጻፈ አለመጠቀም ይሻላል።

መሣሪያው ላይ ብዙ አንቆይም። ፍሌም አዮናይዜሽን ዲቴክተር ያለው፣ ከ30 እስከ 60 ሜትር ርዝመትና 0.25 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ስፋት ያለው የፖሊኤቲሊን ግላይኮል ኮለም (ኤስተሮቹ እያለፉ የሚለያዩበት ቀጭን ቱቦ) የተገጠመለት ይበቃል። ኢንጀክተሩ (ናሙናው የሚወጋበት መግቢያ) 250 ዲግሪ፣ ምድጃው ከ170 ተነስቶ በደቂቃ 4 ዲግሪ እየጨመረ እስከ 230። በዚህ ኮለም ቅደም ተከተሉ ፓልሚቲክ፣ ስቴሪክ፣ ኦሌይክ፣ ሊኖሌይክ፣ ሊኖሌኒክ፣ አራኪዲክ እያለ እስከ ኢሩሲክ ይሄዳል። ለፀረ ተባይ ምርመራ የተገዛውን ዋልታ አልባ (ኖንፖላር) ኮለም ለዘይት የሚጠቀም ላቦራቶሪ ካለ ወረቀቱን መመለስ ነው፤ እዚያ ኦሌይክ፣ ሊኖሌይክና ሊኖሌኒክ ተደራርበው ከስቴሪክ በፊት ይወጣሉ። ትራንስ ፋትን ለመለየት ደግሞ 100 ሜትር የሳያኖፕሮፒል ኮለም ያስፈልጋል።

መብራት ሲጠፋ የሚደርሰው ጉዳት ለብቻው መነገር አለበት። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች የጋዙን ፍሰት የሚቆጣጠሩት ቫልቮች በኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ መብራቱ ሲሄድ ይዘጋሉ፤ ምድጃው ግን ገና 220 ዲግሪ ነው። ጋዝ የማያልፍበት ትኩስ ኮለም ውስጥ ኦክስጅን ከገባ ሽፋኑ ይቃጠላል፤ በማግስቱ መነሻ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ፒኮቹም ይደራረባሉ። ለመሣሪያው በሚገባ የሚበቃ ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ ከኮለም ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

በኑግ ላይ በተለይ የሚያጋጥም ስሕተት አለ። ሊኖሌይክ 73 በመቶ ሲሆን ያልቀጠነ ናሙና ከተወጋ ያ አንድ ፒክ እንደ ዘመመ ጎጆ ወደ ፊት ያጋድላል፣ አጠገቡ ያሉትን ትንንሾች ይውጣል። ቅድም የተሠራውን የኤስተር ሙሙት አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ሄፕቴን ማቅጠን፣ 1 ማይክሮ ሊትር መውጋት፣ በኢንጀክተሩ ላይም ከ50 አንዱ ብቻ ወደ ኮለሙ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ባዶ ናሙናም (ዘይት የሌለበት፣ ሁሉም ኬሚካል ያለበት) በየቀኑ መሮጥ አለበት። ከፕላስቲክ ክዳንና ከላስቲክ ቱቦ የሚለቀቀው ፕታሌት (የፕላስቲክ ማለስለሻ) ዘግይቶ ሲወጣ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፋቲ አሲድ መስሎ ያታልላልና።

አሁን ንባቡ። አንድ «የኑግ ዘይት» የሚከተለውን አሳየ እንበል፦ ፓልሚቲክ 19.5፣ ስቴሪክ 6.2፣ ኦሌይክ 17.6፣ ሊኖሌይክ 54። የንጹሕ ኑግ ፓልሚቲክ 9፣ የፓልም 44 ብለን ብንወስድ፣ 19.5 ሲቀነስ 9፣ ለ35 ሲካፈል 0.30 ይሆናል፤ 30 በመቶ ፓልም። ግን በአንድ ፋቲ አሲድ ብቻ አይፈረድም፤ ሌሎቹም መመስከር አለባቸው። ከኑጉ ሊኖሌይክ 73 ሰባት አሥረኛው 51 ነው፤ ከፓልሙ 10 ሦስት አሥረኛው 3፤ ድምሩ 54። ኦሌይኩም በዚሁ መንገድ 17.6 ይመጣል። ሦስቱ ከተስማሙ ፓልም ነው ማለት ይቻላል።

ካልተስማሙስ? ፓልሚቲኩ ያው 19.5 ሆኖ ሊኖሌይኩ 59፣ ስቴሪኩ ደግሞ ከ4 በታች ከሆነ ፓልም አይደለም፣ የጥጥ ፍሬ ዘይት ነው። የጥጥ ፍሬ ፓልሚቲኩ 24 አካባቢ፣ ሊኖሌይኩ 53 አካባቢ፣ ስቴሪኩ 2.5 አካባቢ ነውና 70 በመቶ ሲገባ እነዚህን ቁጥሮች ይሰጣል። ፓልሚቲክን ብቻ የጻፈ ወረቀት እነዚህን ሁለቱን አይለይም። አኩሪ አተር በሊኖሌኒኩ ይጋለጣል፤ ከ4.5 እስከ 11 በመቶ ስለሚይዝ 20 በመቶ ሲቀላቀል የኑጉን ሊኖሌኒክ ከ1 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ጎመንዘር ከሁሉ ቀላሉ ነው። ባህላዊው ጎመንዘር 40 በመቶ ገደማ ኢሩሲክ አሲድ አለው፤ ኑግ ግን የለውም ማለት ይቻላል። 5 በመቶ ጎመንዘር ሲገባ 2 በመቶ ኢሩሲክ ይታያል። ኮዴክስ ዝቅተኛ ኢሩሲክ ለሚባለው የሬፕሲድ ዘይት የፈቀደው ጣሪያም ይኸው 2 በመቶ ነው። ምጣድ ለማሰስ የሚደቀቀው ጎመንዘር አያሳስብም፣ በየቀኑ በማንኪያ የሚበላው ዘይት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሱፍ አበባ ዘይት ግን ያስቸግራል። ሊኖሌይኩ ከ48 እስከ 74 በመቶ ስለሚደርስ ኑግ ውስጥ ሲገባ ምልክቱ ደካማ ነው፦ ኦሌይክ ይጨምራል፣ ፓልሚቲክ ትንሽ ይወርዳል። በፋቲ አሲድ ብቻ «የሱፍ አበባ የለበትም» ብሎ የፈረመ ካለ ዘዴው ከሚችለው በላይ ተናግሯል። እዚያ የስቴሮል (በዘይቱ ውስጥ በጥቂቱ ያሉ ሌሎች ውሁዶች) ምርመራ ያስፈልጋል። ሰሊጥስ? በኑግ ዘይት ውስጥ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ማጭበርበር አይደለም፣ ሰሊጥ ውድ ነውና፤ ያው በተረቱ እንደተባለው «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ሆኖ ሳይጸዳ ከቀረው መጭመቂያ የመጣ ነው። ለእሱ መሣሪያም አያስፈልግም፦ 5 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 5 ሚሊ ሊትር ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 0.4 ሚሊ ሊትር በአልኮል የተሟሟ 2 በመቶ ፉርፉራል፤ ተናጦ ታችኛው ክፍል ከቀላ ያልተጣራ የሰሊጥ ዘይት አለበት።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ፤ ስንት ፓልም ሲገባ ይታወቃል? በዓለም አቀፉ የሜቲል ኤስተር ዘዴ መሠረት፣ መጠኑ ከ5 በመቶ በላይ ለሆነ ፋቲ አሲድ ሁለት ላቦራቶሪዎች በአንጻር እስከ 10 በመቶ፣ በፍጹም ቁጥር እስከ 3 ሊለያዩ ይችላሉ። የኑግ ዘይቶቹ ራሳቸው በተፈጥሮ በ1 እና በ2 ነጥብ ይለያያሉ። 5 በመቶ ፓልም ፓልሚቲኩን ከ9 ወደ 10.75 ብቻ ነው የሚያነሣው። ይህ በተፈጥሮ ልዩነት ውስጥ ይደበቃል። እንግዲህ ከ10 በመቶ በታች ለሆነ ቅልቅል ይህ ዘዴ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ «100 በመቶ ንጹሕ» የሚል ቃልም ከእሱ ሊወጣ አይችልም። «ከፓልም ጋር የተቀላቀለበት ምልክት አልተገኘም» ማለት ይቻላል፣ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሌላው ችግር መለኪያው ራሱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮዴክስ የአትክልት ዘይቶች ደረጃ ለሰሊጥ፣ ለሱፍ፣ ለጥጥ ፍሬ፣ ለፓልም የፋቲ አሲድ ወሰን አስቀምጧል፤ ለኑግ ግን የለውም። ጉድለቱን ለመሙላት የሕንድ ኑግ ቁጥር የሚወስዱ አሉ፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። የሕንድ ኑግ ሊኖሌይኩ ወደ 55 ዝቅ ሊል፣ ኦሌይኩ ከ25 በላይ ሊወጣ ይችላል። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ ኦሌይክን ወደ ሊኖሌይክ የሚለውጠው ኢንዛይም ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ አየሩ ሲቀዘቅዝ ይበረታል፣ ሲሞቅ ይደክማል። በመስከረምና በጥቅምት በደጋና በወይና ደጋ የሚያብበው የጎጃም ኑግ ቅዝቃዜውን ያገኛል። በሕንዱ መለኪያ ከተዳኘ 30 በመቶ ፓልም የገባበት የእኛ ኑግ በሊኖሌይክና በኦሌይክ ንጹሕ መስሎ ያልፋል፤ በተቃራኒው ሞቃት ወደሆነው ዳርቻ የተዘራ ሐቀኛ ኑግ በጎጃሙ መለኪያ ሊጠረጠር ይችላል። ከየወረዳው፣ ከየከፍታው፣ ቢያንስ ለሦስት ምርት ዘመን በተሰበሰበና በአንድ ዘዴ በተመረመረ ፍሬ ላይ የቆመ የራሳችን ወሰን ያስፈልጋል። በሆለታ ለአሥርት ዓመታት የቅባት እህል ምርምር የሚካሄድባት አገር ይህን ማድረግ አያቅታትም።

የተጠበሰበት ዘይት ሲመጣ ደግሞ መቶኛ ብቻውን ይዋሻል። የተበላሸው ሊኖሌይክ ፖሊመር ሆኖ ኮለሙ መግቢያ ላይ ይቀራል፤ መሣሪያው የወጣውን ብቻ 100 አድርጎ ያካፍላል። ስለዚህ በታወቀ መጠን የሄፕታዴካኖይክ አሲድ (በዘይቱ ውስጥ የለም የሚባል ፋቲ አሲድ) ትራይግሊሰራይድ ገና ከሜቲል ለውጡ በፊት ጨምሮ የወጣውን በግራም ማስላት ነው። ድምሩ ከሚጠበቀው ብዙ ካነሰ ዘይቱ ደጋግሞ ምጣድ ላይ የዋለ ነው።

ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሌለው አነስተኛ ጨማቂ ምን ያድርግ? የአዮዲን ቁጥር (100 ግራም ዘይት የሚወስደውን አዮዲን በግራም) ይለካ። 0.13 ግራም ዘይት በ20 ሚሊ ሊትር የሳይክሎሄክሴንና አሴቲክ አሲድ እኩል ቅልቅል አሟሙቶ፣ 25 ሚሊ ሊትር የዊይስ ሙሙት (አዮዲን ያለበት) ጨምሮ፣ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰዓት ማቆየት። ከዚያ ፖታሲየም አዮዳይድና ውሃ ጨምሮ በ0.1 ሞላር ሶዲየም ታዮሰልፌት መለካት፤ ስታርቹ የሚጨመረው ቢጫው ሊጠፋ ሲል ነው፣ ቀድሞ ከገባ ማብቂያው ይዘገያል። የባዶው ንባብ ሲቀነስ የናሙናው፣ በ12.69 እና በሞላሪቲው ተባዝቶ ለግራሙ ይካፈላል። ንጹሕ ኑግ 130 አካባቢ ይሰጣል፣ ፓልም 50 አካባቢ፣ ቅድም ያየነው 30 በመቶ ቅልቅል 109 ገደማ። በቢሬቱ ላይ የ2 ሚሊ ሊትር ልዩነት ነው፣ በዓይን ይታያል። ሱፍ አበባን አይለይም፣ የጥጥ ፍሬንም ከፓልም አይለይም፤ ፓልም በብዛት የሚደባልቀውን ግን ይይዛል።

እግረ መንገዳችንን፣ ጠርሙስ ላይ በትልቁ የሚታተመው «ኮሌስትሮል የሌለው» ስለ ዘይቱ ምንም አይነግርም። በአትክልት ዘይት ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከቁጥር የማይገባ ነው፣ በፓልሙም በኑጉም። በዚያ ቦታ ላይ የፓልሚቲክ፣ የኦሌይክና የሊኖሌይክ መቶኛ ቢታተም ይጠቅማል።

እናም ዝግጅት ክፍሉ የዘይት ምርመራ ውጤት ሲደርሰው ቢያንስ ከ1 በመቶ በላይ የሆኑትን ፋቲ አሲዶች በሙሉ፣ የአሲድ ቁጥሩን፣ ኤስተሩ የተሠራበትን ዘዴና የኮለሙን ዓይነት ይጠይቅ፤ ናሙናውን ማን፣ ከየት፣ ሞቆ ወይስ ቀዝቅዞ እንደቀዳውም ጭምር። የተመረመረው ዘይት ግማሽም በቡናማ ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ ታሽጎ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ ላቦራቶሪ ሲመጣ የሚከራከሩት በዚያ ጠርሙስ ላይ ነው፤ ሲወጣ ግን አሙቆ መገልበጡ አይረሳ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቅባት እህል ምርመራ የምንሠራ ኬሚስቶች፣ አዲስ አበባ